ጥያቄ ከምሳ በኋላ

ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር። ያን ቀን ለመናገር ስዘገይ አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን አጥተዋል፤ ዛሬ ደግሜ መዘግየት አልፈልግም።

ስሜ ሩታ ይባላል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለች አንዲት የኪራይ ቤት ውስጥ የባህል መድኃኒት የሚያጠና ማዕከል ቀጥሮኝ ከመጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ሥራችን ሲያወሩት ያምራል። አባቶች የሚያውቁትን ሥርና ቅጠል ወስደን በላብራቶሪ እንፈትሻለን፤ የሚሠራውን ከማይሠራው እንለያለን፤ ማስረጃ እናመጣለን። በየስብሰባው ይህን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነበር። አሁን ማስረጃ የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣም።

ሰኞ ጠዋት ሚልክያስ ደወለልኝ። ሚልክያስ አብሮኝ መስክ የሚወጣ፣ የሚያስተረጉምልኝና ፒክአፑን የሚነዳ የሶዶ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ ከገሱባ ማዶ አንድ ሰውዬ ውሃ ሲያይ ይጮኻል ይላሉ» አለኝ። «ፊቱን ውሻ ነክሶት ነበር። ያከሙት ጋሽ ባዳቾ ናቸው።»

«ጋሽ ባዳቾ ፊት አያክሙም» አልኩት።

«አሁን ያክማሉ።»

ጋሽ ባዳቾን ካወቅኋቸው ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ሰባን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። ለእብድ ውሻ ንክሻ የሚሰጡትን ሥር ያሳወቋቸው አባታቸው ናቸው። መጀመሪያ ስናነጋግራቸው ማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር ጽፌ ነበር፤ ከአንገቱ በላይ የተነከሰ ሰው አይቀበሉም፣ «ይሄ ከኔ በላይ ነው» ብለው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ፊቱን የተነከሰ ሰው ቶሎ እንደሚሞት እኔ ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው። እሳቸው ያወቁት ሰው ቀብረው ነው። ያቺን መስመር ግን ሪፖርቱ ውስጥ አላስገባኋትም። ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

ሥሩን ወስደን አዲስ አበባ በአንድ ላብራቶሪ ሠላሳ አይጦች ላይ ሞከርነው። ሠላሳዎቹም በሽታው ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን ወሰዱ፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። ያልወሰዱት በስምንት ቀን ውስጥ አለቁ። የወሰዱት ሁለት ቀን ጨምረው አለቁ። እንግዲህ ሁለት ቀን ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፍ ይወጣዋል፣ በጀት ያስገኛል። እኔም በደስታ ጨፍሬ ነበር፤ አልዋሽም።

ከዚያ ወርክሾፕ አዘጋጀን። ሶዶ፣ ሆቴል፣ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር። መድኃኒት አዋቂዎቹን ሁሉ ከየወረዳው ጠራናቸው። ግድግዳው ላይ በሕይወት የቀሩትን አይጦች የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሳየሁ፤ ቀዩ መድኃኒት ያልወሰዱት፣ አረንጓዴው የወሰዱት። ቀዩ ቁልቁል ሲወርድ አረንጓዴው ከላይ ይቆያል፤ ሥዕሉ የሚያበቃውም እዚያ ላይ ነው። ሚልክያስ በወላይትኛ አስረዳ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ባዳቾ ግን ከኋላ እጃቸውን አወጡ። የፕሮግራሙ መሪ ሰዓቱን አየና «ጥያቄ ከምሳ በኋላ» አለ። ከምሳ በኋላ ጥያቄ አልነበረም፤ የምስጋና ሰርተፍኬት ማደል ነበር። ለእብድ ውሻ በሽታ ጥናት ስላደረጉት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ይላል፣ ከታች የኔ ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን ክብ ማህተም። ፎቶ ተነሳን፣ ተለያየን።

ጋሽ ባዳቾ ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

የገሱባን መንገድ ሚልክያስ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ከከተማው አልፈን እንሰት የከበበው ግቢ ስንደርስ ሰው ግጥም ብሎ ቆሟል። አንዳንዱ ይጸልያል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። ነጭ ፒክአፕ ያየ ሁሉ ከጤና ቢሮ ነው ብሎ መንገድ ይለቃል።

ጦና፣ የታመመው ሰውዬ፣ ከሳር ቤቱ ምሰሶ ጋር በጠፍር ታስሯል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትከሻው ሰፊ። ግራ ጉንጩ ላይ ውሻው የነከሰበት ቦታ ድኖ ጠባሳ ሆኗል። ከንፈሩን ግን ራሱ ነክሶ ቦጫጭቆታል፤ ለሃጭና ደም ተቀላቅሎ ደረቱ ላይ ይወርዳል። አንዱ ጎረቤት በሩን ሲከፍተው የገባው ነፋስ ፊቱን ነካው። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ ጉሮሮው ተያዘ፣ ምሰሶው እስኪነቃነቅ ተወራጨ። ክፋቱ አእምሮው አልጠፋም። ሲለቀው ዓይኑን ገልጦ ታናሽ ወንድሙን ይጠራል። «ባርኮት፣ ፍታኝ» ነው የሚለው፤ ሚልክያስ በጆሮዬ ነገረኝ። ከዚያ እንደገና ይይዘዋል።

ሚስቱ ቦሼ በሩ ጥግ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። የያዘችበት እጅ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ አራት የጥርስ ምልክት አየሁ።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ውሻው ነው» አለች በአማርኛ። «ከጦና ላይ ስጎትተው እኔንም ነከሰኝ።»

«መቼ?»

«አብረን ነዋ። አምስት ሳምንት ሆነ።»

«ክትባት ተከተብሽ?»

«የባዳቾን ጠጣሁ። ሰባት ቀን፣ ሁለታችንም።»

ጦናን ከዚያ በኋላ ማንም አያድነውም፤ ይህ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ ምሕረት የለውም። ቦሼ ግን ጤነኛ ነበረች። ትናገራለች፣ ትቆማለች፣ ውሃ ትጠጣለች። ከዚያ ግቢ የሚተርፍ ሰው ካለ እሷ ናት፤ ያውም ዛሬውኑ ሶዶ ገብታ ክትባት ከጀመረች። ክንዷን ያዝኩና አሁን እንሂድ አልኳት።

«ባሌ ታስሮ እኔ መኪና ልውጣ?» አለችኝና እጄን ከላይዋ አነሳችው። «ሰው ምን ይላል? የባዳቾ መድኃኒት ወረቀት አለው። እኔ ምንም አልሆንኩም።»

ልክ ያን ጊዜ ጠፍሩ ተበጠሰ።

ጦና ሲፈታ መጀመሪያ ያደረገው ራሱን ከበሩ መቃን ጋር መምታት ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ግንባሩ ተሰነጠቀ። ሰው ተረጋግጦ ወጣ። አንዲት ሴት ከእግር ሥር ወድቃ ጮኸች፣ ማንም አላነሳትም። አንዱ ወንበር ወረወረበት፣ ሌላው በአጣና ጎኑን መታው፤ ጎረቤቶቹ ናቸው፣ አብረውት ያረሱ ሰዎች፣ እንደ አውሬ ነው የመቱት፤ እኔም ብሆን እመታው ነበር። ጦና ቦሼ ወደቆመችበት ሲዞር ባርኮት ከኋላው ዘሎ ጣለው። ጋቢ በፊቱ ላይ ጣለና በሙሉ ክብደቱ ተኛበት። ከጋቢው ሥር ያለው ገላ ታገለ፣ ታገለ፣ ቆመ። ባርኮት ሲነሳ ወንድሙ አልተነሳም።

በሽታው ይግደለው ክብደቱ እኔ አላውቅም። ባርኮትም አያውቅም። ሁላችንም ቆመን አይተናል።

ባርኮት እጁን አየ። ከዚያ ከግድግዳው ሥር የመጥረቢያ እጀታ አንስቶ ወጣ። የት እንደሚሄድ ለመጠየቅ አላስፈለገም። ወንዶቹ ተከተሉት፤ ቦሼም ነጠላዋን ጥላ «ተዉ! ሰው አትግደሉ!» እያለች ከኋላቸው ሮጠች።

«ዶክተር፣ እንውጣ» አለ ሚልክያስ የመኪናውን ቁልፍ እያወጣ። «ፊርማሽ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።»

«እሷን ሳልይዝ አልሄድም» አልኩት። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። አሁን በፊርማዬ አንድ ሰው ገድያለሁ፣ ሁለተኛዋን መግደል አቃተኝ፤ በቃ ይኸው ነው።

እኛ ስንደርስ የጋሽ ባዳቾ ቤት ክዳን ተያይዟል። ሳሩ ሲነድ ይጮኻል፣ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ሽማግሌውን ከቤት ጎትተው ግቢው መሃል ጥለዋቸዋል። ሸሚዛቸው ተቀዷል፣ አንድ ጆሯቸው ደም ብቻ ሆኗል። ባርኮት በአንድ እጁ ዱላ፣ በአንድ እጁ ሰርተፍኬቱን ይዟል። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ያወጣው እሱን ብቻ ነው። መስታወቱን ድንጋይ ላይ ሰባብሮ ወረቀቱን መዥርጦ አወጣው።

«ሞተር አስነስቼ ነበር!» ብሎ ጮኸ። በአማርኛ ነው የሚጮኸው፤ ወረቀቱ በአማርኛ ስለተጻፈ መሰለኝ። «ለሶዶ! ጦና ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር፣ ፊቱን በፎጣ አስሮ! ይሄ ሽማግሌ ወረቀት አለ አለኝ። እኔ አስረኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ አነበብኩለት። ማህተም አየሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

ዱላውን አነሳ።

«ዶክተር ሩታ ይላል! ማነው እሱ? የት ነው ያለው?»

ዝም አልኩ።

ከእሱ አሥር እርምጃ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። ሚልክያስ አየኝ። ጋሽ ባዳቾም ከመሬት ላይ ቀና ብለው አዩኝ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ጣታቸውን ቢያነሱ ዱላው ወደ እኔ ይዞር ነበር። አላነሱም። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻቸው ላይ አረፈ። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ጥናቱ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር እየሰካካሁ ነበር። ሁለተኛው ጎናቸው ላይ። ውጤቱን በጥንቃቄ መተርጎም ያስፈልጋል። ሦስተኛው አፋቸው ላይ አረፈና ጥርሳቸው ሲሰበር ሰማሁ። ድምፁ ትንሽ ነው። እስከ ዛሬ ስበላ እሰማዋለሁ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ!»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ሽማግሌው ላይ ተደፍቼ ራሴን አገኘሁት። አራተኛው ዱላ መውረድ ጀምሮ ስለነበር ቀኝ ክንዴን መሃሉ ላይ ሰበረው። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ጮህኩ።

«መድኃኒቱ አያድንም! አይጦቹ ሁሉ ሞተዋል! ሁሉም! አንድም አልተረፈም!»

ሚልክያስ በወላይትኛ ደገመው። መጮህ አያውቅበትም፣ ያን ቀን ግን ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ። ባርኮት ዱላውን እንዳነሳ ቀረ።

ከሥሬ ጋሽ ባዳቾ ተንቀሳቀሱ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ደም ተፉ።

«ሁሉም?» አሉኝ።

«ሁሉም፣ ጋሽ ባዳቾ።»

«አረንጓዴውም?»

«አረንጓዴውም። ሁለት ቀን ዘግይቶ።»

ፊታቸው ላይ ቁጣ ብጠብቅም አልነበረም፤ እሱ ነው የገደለኝ።

«ያን ቀን ልጠይቅሽ ነበር» አሉ በተሰበረ አፋቸው። «አረንጓዴው መጨረሻው የት ነው ልል ነበር። ምሳ ሆነ። ከዚያ ወረቀት ሰጣችሁኝ። እኔ ፊት አልነካም ነበር፣ ልጄ። አባቴም አልነካም። የተማሩ ሰዎች መርምረው ካመሰገኑኝ መድኃኒቴ እኔ ከማውቀው ይበልጣል አልኩ። ነካሁ።»

ባርኮት ዱላውን ለቀቀው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ድምፅ በሌለው ለቅሶ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሽማግሌው በእኔ ደህና ክንድ ተደግፈው ተነሱና ቦሼን ፈለጓት። እንሰቱ ሥር ቆማለች። የራሳቸውን አውራ ጣት አውጥተው አሳዩዋት፤ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን ፈቱት። ቅዳሜ ዕለት ለጦና ዳግመኛ መድኃኒት ሊያጠጡት ሲሉ እስከ አጥንቱ ነክሷቸዋል። በወላይትኛ አነጋገሯት፣ ረጅም ንግግር አልነበረም።

«ምን አሏት?» አልኩት ሚልክያስን።

«እኔም እሄዳለሁ፣ ነዪ አሏት።»

እኔ ስለምናት የገፋችኝ ሴት ለእሳቸው ታዘዘች። ባሏን ሳትቀብር መኪና ወጣች። መንገዱን ሁሉ ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ላይ እየደሙ፣ እሷ ራሳቸውን ጭኗ ላይ ይዛ፣ እኔ ክንዴን በነጠላ አንጠልጥዬ በየጉድጓዱ እየጮህኩ ሶዶ ገባን። ሆስፒታል ነርሷ መጀመሪያ አፋቸውን ልታጥብላቸው ስትል እምቢ አሉ። ቦሼ እያየች ክንዳቸውን ዘረጉና ተወጉ። ከዚያ ቦሼ ዘረጋች። ሐኪሙ ወደ ጥግ ወስዶኝ አምስት ሳምንት ብዙ ነው፣ ግን እንቀጥል አለ።

ክትባቱ አምስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ባርኮት ሁለቱን ሞተሩ ላይ ጭኖ አመጣቸው፣ የመታቸውን ሽማግሌ መሃል አስቀምጦ። በሰባተኛው ቀንም አመጣቸው። ቦሼ ያን ቀን ገበያ ሄዳ ቦይና የሚባለውን የሚቀቀል ሥር እንደምትገዛልኝ ነገረችኝ፣ የከተማው ጥሩ አይደለም ብላ። ተስፋዬ እየበረታ ነበር። ትተርፋለች ብዬ እምላለሁ፣ ለራሴ፣ ሌሊትና ቀን።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሞተሩ ማዕከላችን በር ላይ ቆመ። ሁለት ሰው ብቻ ወረደ።

«ቦሼስ?» አልኩ።

ባርኮት መሬቱን አየ። የመለሱልኝ ጋሽ ባዳቾ ናቸው።

«ሐሙስ ውሃ አነቃት። ቅዳሜ ቀበርናት። በሩን ዝጉብኝ፣ ሰው እንዳልነክስ አለች፤ ማንንም አልነካችም።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ያለቀስኩትን ለቅሶ እናቴ ስትሞትም አላለቀስኩም። ሁለቱ ቆመው ጠበቁኝ። ስጨርስ ሽማግሌው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ወረቀት ስጪኝ» አሉ።

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«እንደዚያኛው ያለ። አይጦቹ ሁሉ ሞቱ የሚል። ፊቱንም ሆነ እጁን የተነከሰ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ የሚል። ሰው አሁንም ይመጣል፣ ትላንት እንኳ ሁለት መጡ። በአፌ ስነግራቸው ሽማግሌው ተቀይሞ መድኃኒቱን ደበቀብን ይላሉ። ማህተም ይኑረው። ያለ ማህተም ማን ያምነኛል?»

ክንዴ በጀሶ ስለታሰረ በግራ እጄ ጻፍኩት፣ ሚልክያስ ከሥሩ በወላይትኛ ጨመረበት። ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስላል። ወደ ሥራ አስኪያጃችን ይዤው ገባሁ። አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። ይህ የማዕከሉን ስም ያጠፋል፣ ለጋሾች ቢያዩት ምን ይላሉ፣ ረቡዕ ስብሰባ አለን፣ ጥያቄ ካለሽ ያኔ አንሺው አለኝ።

ጥያቄ ካለሽ።

ማህተሙ የሚቀመጥበትን መሳቢያ አውቀዋለሁ። በግራ እጄ ስጎትተው አልከፈት አለኝ፣ ተቆልፏል። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብረት የወረቀት መብሻ አንስቼ ቁልፉን መታሁት። ሥራ አስኪያጁ ጮኸ። ደግሜ መታሁት፣ እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ ደግሜ መታሁት። ጥበቃው ሲገባ ባርኮት ከበሩ ላይ በትከሻው ገፍቶ መለሰው። መሳቢያው ተከፈተ።

ወረቀቱ በአንድ እጅ ይንሸራተትብኝ ነበር። ክንዴን የሰበረው ሰውዬ መጥቶ በሁለት እጁ ይዞልኝ ማህተሙን አሳረፍኩበት። ከዚያ ባርኮት ወረቀቱን አነሳና ውጭ ይጠብቁ የነበሩት ጋሽ ባዳቾ ፊት ቆሞ አነበበላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።